የባልጩቱ ባለቤት

«ጋሼ፣ ኧረ ይውጡ! ስድስት ሰዓት ላይ ድማሚቱ ይፈነዳል!»

ሙሉሰው ዋሻው ውስጥ በደረቱ እንደተኛ አንገቱን አዞረ። የድንጋይ ካባው ዘበኛ ሁንዴሳ የዋሻው አፍ ላይ ዱላውን ተደግፎ ቆሟል። ከኋላው፣ ከላፍቶ ወንዝ ማዶ፣ የአዲሶቹ ቤቶች ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ገደሉ የሚፈነዳው ለቀጣዮቹ ቤቶች መሠረት የሚሆን ድንጋይ ለማውጣት ነው።

«ትንሽ ታገሠኝ» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሥራ ብሎ የሰጠው ሰው የለም። ሃያ ሁለት ዓመት የቅርስ ተመራማሪዎችን በላንድሮቨር ሲያመላልስ ኖሯል። በምሥራቅ፣ ጫማ ሁሉ ነጭ በሚሆንበት የኖራ ድንጋይ አገር፣ ዋሻ አፍ ድረስ ያደርሳቸውና መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸው ነበር። አንድም ቀን «ግባና እይ» ያለው የለም፤ እሱም አልጠየቀም። ስለ አፈሩ ንብርብር፣ ስለ አመዱ፣ ስለ ባልጩቱ ሲያወሩ ግን ጆሮው አያመልጠውም ነበር።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ ሚስቱ ትሩፋት ሞተች። የመካኒሳው ቤት ጸጥ ሲልበት በእግሩ መዞር ጀመረ። ያየውን የዱር አበባ በደብተር ይመዘግባል፤ ስሙን የማያውቀውን ይስለዋል። ባለፈው መስከረም ገደል ሥር ያበበ እንሶስላ ተከትሎ ሲወርድ ነው ይህን ዋሻ ያገኘው። ጎርፍ ያጠበው ወለል ላይ የጥንት አመድ፣ አጠገቡም የባልጩት ስባሪ ነበር። ለቀድሞ ባልደረቦቹ ሄዶ ነገራቸው። በትሕትና ሰሙት፤ ሻይም ጋበዙት። የመጣ ግን የለም።

ሁንዴሳ ጎንበስ ብሎ ገባ።

«ወርቅ ነው እንዴ?»

«ባልጩት ነው። የጥንት ሰው የጠረበው።»

«ይኼማ የእኛን ማሳ ሞልቶታል! አጎቴ ቆዳ ይፍቅበት ነበር።»

ሙሉሰው የሚስልበትን እርሳስ አቆመ። «እንዴት አድርጎ ነበር የሚይዘው?»

ሁንዴሳ ዱላውን አስቀምጦ ተንበረከከ። ሁለት እጁን ገጥሞ ባዶውን አየር ወደ ራሱ ሳበ፤ ደግሞ ሳበ። ሙሉሰው ከተመራማሪዎቹ አፍ ይህን ሰምቶ አያውቅም። ፈጥኖ ጻፈው።

«እስቲ ይህችን ጫፍ ያዝልኝ» አለና የትሩፋትን የልብስ ስፌት ሜትር ዘረጋለት። ብቻውን ሲለካ ጫፉ እየተንሸራተተ አስቸግሮት ነበር። አሁን ሁንዴሳ ይዞለት፣ ቁጥሩን እየጠራለት፣ ከግድግዳው እስከ አመዱ፣ ከአመዱ እስከ ስባሪው አንድ በአንድ ለኩ።

ውጭ ፊሽካ ተነፋ።

«በቃ፣ ጋሼ!»

ሙሉሰው እጁን ወደ ባልጩቱ ዘረጋ። ስሎ እስኪጨርስ አንዲቷንም ከቦታዋ አላነሣም ነበር፤ ከተመራማሪዎቹ የሰማው እንደዚያ ነው። አሁን ሊያነሣ ሲል ሁንዴሳ ክንዱን አፈፍ አድርጎ እየጎተተ አወጣው። ዳገቱን እየተደጋገፉ ሮጡ።

መሬቱ ከእግራቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። አቧራው ሲገለጥ ዋሻው የነበረበት ቦታ የድንጋይ ክምር ሆኗል።

ሁንዴሳ ልብሱን አራገፈና፣

«ስንት ሰው ነበሩ፣ ጋሼ? እሳቱን የሞቁት?» አለ።

ሙሉሰው «ብዙ ናቸው» ሊል ነበር። ደብተሩን ገለጠ። ስባሪው ሁሉ ከአመዱ በስተቀኝ፣ ሁለት ክንድ በማይሞላ ቦታ ላይ ክብ ሠርቶ ተበትኗል፤ መሃሉ አንድ ሰው ጉልበቱን አጥፎ የሚቀመጥበትን ያህል ባዶ ነው። በስተግራ፣ ከእሳቱ ወዲያ፣ ምንም የለም። በገዛ እጁ ሲስለው አላስተዋለውም ነበር።

«አንድ ሰው ነው» አለ።

«ያ ዋቃ! ብቻውን? በዚህ ብርድ?»

ሁንዴሳ ከንፈሩን መጠጠ፤ ነገሩ ትናንት የሆነ፣ ሰውየውም የላፍቶ ጎረቤቱ ይመስል። ሙሉሰው ጸጥ ያለው የመካኒሳ ቤቱ ትዝ ብሎት ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ።