የጉድጓዱ ክዳን

«ኧረ እትዬ፣ ጠብ ጠብ አያርጉት! ጨመቅ አርገው ይስጡኝ» ይላታል ባሏ፣ እጁን ወደ ስፖንጁ ዘርግቶ።

እትዬ የሚላት ሚስቱን ነው። ልጆች ወልዳ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ያበቃችለትን። ከታመመ ወዲህ አንድ ቀን እህቱ ናት፣ ሌላ ቀን የጎረቤት ሴትዮ፣ ዛሬ ደግሞ የድራማ ዕቃ የሚሠራበት ወርክሾፕ የቀጠራት ሠራተኛ ሆናለች። ሆድ አይብሳትም ማለት ውሸት ነው። ግን ስፖንጁን ጨመቅ አድርጋ ትሰጠዋለች።

ፊታቸው ጠረጴዛው ላይ ክብ የጉድጓድ ክዳን ተጋድሟል። ድሮ ለአንድ የቴሌቪዥን ድራማ የሠራው ክዳን ነበረ፤ ያየው ሁሉ ከተራራ የተፈለጠ ድንጋይ ነው ብሎ የሚምልለት። ያኛውን፣ ዕቃ ቤት ውስጥ እያለ አይጥ ጨረሰው። አሁን ድራማውን እንደገና ሊሠሩት ስለሆነ ቁርጥ ያንኑ አምጡ አሉ። ልጃቸው ፎም ቆርጦ፣ ጀሶና ኮላ ቀብቶ አደረቀውና ቀለሙ ጋ ሲደርስ እናቱ እጁን ያዘችው። አባትህ ነው የሚቀባው አለች።

«እማዬ በናትሽ ተይው። ራስሽን ነው የምትጎጂው» አላት።

«አንተ ምን ቤት ነህ? እሱ ቢረሳ እጁ አይረሳም። እጁ ከመጣ ደግሞ እሱም ተከትሎ ይመጣል።»

ጸልያበታለች። ይዳንልኝ እንኳን አላለችም፤ ፈጣሪን ማስቸገር መስሎ ታያት። አንዴ ብቻ ቀና ብሎ ይየኝና ሚስቴ ይበለኝ ነው ያለችው። አንዴ። ከዚያ ወዲያ እንደ ፈቃድህ።

እጁስ መጣ! ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው ሰውዬ፣ ጥቁሩን ቀለም በውሃ አቅጥኖ የክዳኑ ስንጥቅ ላይ ያፈስሰውና ሳይደርቅ በጨርቅ ሸርተት ያደርገዋል። ጥቁሩ ስንጥቁ ውስጥ ብቻ ይቀራል፣ የስንት ዘመን እድፍ መስሎ። የጥርስ ብሩሽ ነክሮ በአውራ ጣቱ ፈንጠር ፈንጠር ሲያደርገው እሷም ፊት ላይ ያርፋል፤ አትጠርገውም። ከዚያ ሰጋቱራውን በአረንጓዴና በነጭ ቀለም ለውሶ፣ ያረጀ ድንጋይ ላይ የሚወጣ ሻጋታ አስመስሎ ጠርዙ ላይ ይለጥፋል።

«ድንጋይም ይሸብታል እኮ እትዬ። እኛ ብቻ መሰልንዎት?»

ትስቃለች። ድሮ «እግዜር ሺህ ዓመት የሚፈጅበትን ድንጋይ እኔ ከምሳ በፊት እጨርሰዋለሁ» ሲል «ተው አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ሰብስብ!» እያለች ትቆጣው ነበር። ዛሬ ይበላት እንጂ፣ ንስሐውን እሷ ትገባለታለች።

ወደ ኋላ ይልና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያየዋል። «አለቀ። ጥላው ጋ ይሂድ፣ እዚህ ፀሐዩ ያገኘዋል።» ጎንበስ ብሎ ያልተቀባውን ታችኛውን ጠርዝ በመዳፉ ይዞ ነካ ያደርገዋል፤ ወዲያው ይለቀዋል። «ወንዶቹን ይጥሩልኝ። ይሄ ለእኔና ለእርስዎ የሚቻል አይደለም።»

ይሄማ የድሮ ቀልዱ ነው! ወርክሾፑ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር የሚሠራት ተንኮል ናት። «ና እስቲ ወንድሜ አንዴ አግዘኝ፣ ወገቤን ሊቆርጠው ነው» ይላል እያቃሰተ። እንግዳው እጅጌውን ሰብስቦ፣ ጥርሱን ነክሶ ብድግ ሲያደርገው ፎሙ እንደ ላባ ይነሳና ሰውዬው በቂጡ ቁጭ! እሷንም በሙሽርነቷ ሠርቶላታል፤ ሳምንት አኩርፋዋለች።

«አንተ ተንኮለኛ! ዛሬም?» ትለዋለች፣ ስቃና አልቅሳ በአንድ ላይ። ጥጉ ጋ የሚሠራው ልጇ እንኳን መጋዙን አቁሞ ቀና ይላል።

እሱ አይስቅም። ግራ ገብቶት ያያታል። ዓይኑ ውስጥ ተንኮል የለም፤ ፍርሃት ነው ያለው።

«ምን ያስቅዎታል? ሰው ይጨፈልቃል እኮ! እግርዎን ከዚያ ያውጡ» ብሎ ክንዷን ይዞ ከጠረጴዛው ያርቃታል። ከዚያ መዳፉን በሸበተው ጠርዝ አጠገብ አጠገብ ያሳልፈዋል፣ የማያውቀው ውሻ አጠገብ እንደሚያልፍ ሰው። ስንቱን ያታለለ እጅ፣ ዛሬ የገዛ ጌታውን አታሎት ቆመ።

ልጁ መጣ። «አባዬ፣ ፎም እኮ ነው፣ እይ በአንድ እጄ...»

«ተው!» ትለዋለች እናቱ። እንዲህ ስትጮህበት ከልጅነቱ ወዲህ መጀመሪያው ነው። እጁ አየር ላይ ይቀራል። «እኔ ከዚህ በኩል እይዘዋለሁ» ትላለች ወደ ባሏ ዞራ።

«እርስዎ? ወገብዎን ሊሰብሩ ነው? ልጆች የሉዎትም?»

«አሉኝ፤ ተመስገን፣ አድገዋል።»

«ባልስ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ይሄን ሳሸክምዎት ቢያይ ምን ይለኛል?»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

«ምንም አይልም» ትላለች። «ደግ ሰው ነው ባሌ።»

«እንግዲያው በእግዜር ስም። ከጉልበት ነው የሚነሳ፣ ከወገብ አይደለም። በሉ!»

ጉልበቷን ሸብረክ ታደርጋለች፣ ጉንጯን ትነፋለች፣ ታቃስታለች። ከትራስ የማይከብደውን ነገር ይዘው ወርክሾፑን በዝግታ ያቋርጣሉ፤ እሱ ወደ ኋላ እየሄደ፣ ግንባሩ የእውነት አልቦት፣ ትንፋሹ የእውነት ቁርጥ ቁርጥ እያለ። እሷም አብራው ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

ጥላው ጋ ሲደርሱ «መጀመሪያ እርስዎ ያስቀምጡ» ይላታል። «ቀስ። ጣትዎን፣ ጣትዎን!»

በእሷ በኩል መሬት ይነካል። እሱ ጠርዙን እንደያዘ፣ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ ጣቶቿ አንድ ባንድ እስኪወጡ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።