አራቱ ብሎኖች

«ይነሳ ተብሏል፣ ይነሳል!» አለ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም፣ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ሽማግሌው ሰዓሊ አፍንጫ ስር እያራገበ። ኮሚቴው ፎቶግራፍ አይቶ ወስኗል፤ የጃንጥላ ጠጋኙ ሱቅ ታፔላ ከአራት ብሎኖቹ ተፈትቶ ሙዚየም ይገባል። የገዛ ሥራውን ቀለም ሊያድስ ብሩሽና የቀለም ቆርቆሮውን ይዞ የመጣው ሰዓሊ ደሙ ፈላ። ይህ እኮ እንዲሁ ታፔላ አልነበረም! የተሳለበት ቀይ ጃንጥላ እውነተኛ ከመምሰሉ የተነሳ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ግማሹ ከተማ ሊጠለልበት እየሮጠ መጥቶ ከግድግዳው ጋር ይላተም ነበር። በአንድ ክረምት ብቻ አርባ ያበጠ ግንባር ቆጥሯል።

«ሠላሳ ዓመት እዚህ ሲኖር ከእናንተ ማን መጥቶ አየው? ዛሬ በፎቶግራፍ ትፈርዱበታላችሁ?»

«አባባ፣ እዚያ እኮ በክብር ይቀመጣል።»

«በክብር እንቅበረው አትለኝም!»

ሹሙ ይዞት የመጣው ሠራተኛ መሰላሉን አስደግፎ ወጣ። ካቻቢቴውን ላይኛው ብሎን ላይ ተክሎ ሲያዞር ተንሸራተተበት። መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ እንደገና ቢጫነው የኖራ ዱቄት ተበተነ። በጣቱ ዳበሰና፣ «ጌታዬ፣ ብሎን የለም! ሰሌዳም የለም፤ ሁሉም ግድግዳው ላይ የተሳለ ነው» አለ።

ሹሙ ወረቀቱን ገልብጦ አየ፤ ጀርባው ባዶ ነበር። «ታዲያ፣ አባባ፣ ብሎኑን ለምን ሳሉት?»

ሰዓሊው ሠራተኛውን አስወርዶ መሰላሉን ወጣ። «እንዳይወድቅ ነዋ!» አለና፣ የተጫረውን ብሎን በግራጫ ቀለም ሞልቶ፣ የእጁን አንጓ ወደ ቀኝ ጠምዘዝ አድርጎ አጠበቀው።