የመራቢያው ዓለት

በሰባ ሰባት አሰብ ላይ ዓሣ ጠፋ። መረባችን የባሕር አረም ብቻ ይዞ ይወጣ ነበር። በጥር ወር ሁለት ጎረቤቶቼ ጀልባቸውን ሸጡ። በየካቲት ሚስቴ አንድ ዳቦ ለአራት ልጅ ታካፍል ጀመር።

አሁን ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖታል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ላይብረሪ ውስጥ፣ ከቀይ ባሕር ካርታ ፊት ተቀምጠናል። በአንድ ወገን መንገሻና እኔ፣ የድሮ የአሰብ ዓሣ አስጋሪዎች። በሌላው ወገን ከየመን ዳርቻ፣ ከሞካ፣ የመጣው አስጋሪ ዓብዱ። እናቱ ወሎዬ ነበሩ፤ አማርኛው ከእኛ ይልቅ የጠራ ነው። ልጁ ሐፍሳ እዚሁ አቅራቢያ ካለው አሌክሳንድሪያ በመኪና አምጥታዋለች።

የስምምነት ወረቀቱን ያዘጋጀችው እሷ ናት። ዓሣው በሚራባባቸው ሁለት ወራት፣ መሃል ባሕር ካለው ዓለት ላይ ከሁለቱም ዳርቻ ማንም መረብ አይጥልም ይላል። እዚያ ያሉት አስጋሪዎች የድሮ ጠበኞቹ እኛ ካልፈረምን አንፈርምም ብለዋል።

መንገሻ ወረቀቱን ገፋው።

"ከዚህ ሰው ጋር አልፈርምም። ያን ዓለት በመራቢያው ወር ያራቆተው ማን ሆነና? ሳንቡክ ጀልባውን እዚያው አይተነዋል!"

"ጋሼ፣ ፓርኪንጌ ሊያልቅ ነው" አለች ሐፍሳ። "ስድቡን ያሳጥሩልኝ።"

"አባትሽን ጠይቂው!"

ዓብዱ ካርታውን ያያል። ያኔም ሲከሰስ ራሱን አልተከላከለም።

መንገሻ ወደ እኔ ዞረ። የአሰብ ሰው ሲጣላ የሚዳኘው እኔ ዘንድ ነው። ሐሰት አይናገርም ይሉኛል።

"ያራቆትኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

"ምን?"

"ብቻዬን ሄጄ መረብ ጣልኩ። ሞተሬ እዚያው ቆመ። ዓብዱ በሳንቡኩ የመጣው እኔን ሊጎትት ነው። ልጆች አሉኝ፣ አትናገርብኝ ብዬ ለመንኩት። ስሙ ሲጠፋ እያየሁ ዝም አልኩ።"

መንገሻ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ።

"ያኔ ቤቴ ዓሣ ይዘህ መጣህ። ከየት አመጣኸው ብልህ ከእግዜር አላልከኝም?"

"ብዬሃለሁ።"

"እኔም በልቻለኋ!"

ሐፍሳ ሳቋን በእጇ አፈነች። እኔ አልሳቅኩም። መንገሻም አልሳቀም። ብድግ አለና ብዕሩን በሁለት እጁ ለዓብዱ ሰጠው።

"አንተ ቅደም።"

ዓብዱ መነጽሩን አደረገ። ስሙን ቀስ ብሎ፣ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ጻፈ።