ለሥልጠናው ያስረከብኩት ሹሩባ

«በጳጉሜን ዝናብ እጁን የታጠበ ሰው ያስረከበው ሙያ ይመለስለታል አሉ» ይሉኛል ጎረቤታችን እትዬ የሺሐረግ፣ ባዩኝ ቁጥር። ታጠብኩ። ያተረፍኩት ጉንፋን ነው።

ሕጉን አገር ያውቀዋል፤ አዲስ ሙያ በአንድ ቀን ጭንቅላትሽ ውስጥ እንዲገባልሽ ከምትችይው አንዱን ታስረክቢያለሽ። አሠልጣኞቹ «ምን ትችያለሽ?» ሲሉኝ ደረቴን ነፍቼ «ሹሩባ!» አልኩ። ማንም ሳያስተምረኝ የደሴ አንደኛ ነበርኩና። አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ የወደብ ክሬኖችን በኮምፒውተር አዛለሁ። አልቆጭም፤ ደንበኞቼ ሹሩባ ወደሚሠራው ማሽን ከሄዱ ቆይተዋል።

እህቴ ውዴ ግን በሠርጓ ዋዜማ መጣች። «ማሽን ጭንቅላቴን አይነካም» ብላ እግሬ ሥር ተቀመጠች።

«ጣቶቼ እኮ ረስተውታል» አልኳት።

«ድሮስ ማን አስተማራቸው? አንቺው አይደለሽ? አሁንም አስተምሪያቸው!»

ሦስቱን ዘለላ ይዤ የትኛው በየትኛው ላይ እንደሚሄድ ጠፋኝ። ሠራሁ፣ ፈታሁ፣ ደግሜ ሠራሁ።

«ቀስ በይ እንጂ! ኮንቴይነር መሰልኩሽ?» ብላ ጮኸች።

«ዝም በይ፣ ኮንቴይነር አይለፈልፍም።»

ሲመሽ ጨረስኩ። መስመሩ ጠማማ ነው፤ ጠማማውም ግን የኔ ነው። ውዴ በመስታወት አየችውና አቀፈችኝ።

በማግስቱ ድንኳኑ ውስጥ አብሮኝ የሠለጠነው ታረቀኝ የሙሽራዋን ጠማማ ሹሩባ አየና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ሹሩባውን ነው እንዴ የሰጠሻቸው? ማንኛውንም ነገር እኮ ይቀበሉ ነበር። እኔ ፉጨት ነው የሰጠኋቸው።»