ያልተከፈተው ሞዴስ

ፈትለወርቅ የልጇን የሩጫ ቦርሳ ስታራግፍ፣ ከሦስት ወር በፊት የገዛችላት ሞዴስ እንደታሸገ ዱብ አለ። ለካ ልጅቷ ሦስት ወር ሙሉ፣ አንድም እሁድ "ዛሬ ከደጅ ነው የምሳለመው" ሳትል፣ የካ ሚካኤል ውስጥ ዘልቃ ስታስቀድስ ከርማለች።

"ማነው?" አለች፣ ከእንጦጦ ሮጣ የተመለሰችው ልጇ ላይ አፍጥጣ።

"ማንም የለም እማዬ፣ ሚካኤልን! ሩጫው ነው ያስቀረብኝ። አሰልጣኟ 'እንዲህ እየሮጥሽ ካልበላሽ የወር አበባ ይቀራል፤ ሐኪም ይይሽ' ብላኛለች።"

"ይህንንም እሱ ነው ያስጠናሽ?"

እናት እጇን ከቱታው ሥር ሰደደችና የልጇን ሆድ ዳበሰች። ሁለተኛ ነፍስ ፍለጋ የገቡት ጣቶቿ ከጀርባ የተጣበቀ ሆድና አንድ በአንድ የሚቆጠር የጎድን አጥንት አገኙ።

"ማነው ታዲያ" አለች ቀስ ብላ፣ "የምቋጥርልሽን ምሳ የሚበላው?"