ያመለጠኝ አሜን

ጓደኛዬ ሰብለ ኮፍያዬን ጎትታ እስከ ቅንድቤ ታወርደዋለች። «አሁን እናትሽ እንኳን አታውቅሽም» ትላለች። ጌታነህ ይስቃል። «አረማመዷ ያሳብቅባታል። መዝሙር ልታቀርብ የምትወጣ ነው የምትመስለው።»

የሙዚቃ ድግሱ ሜዳ ጢም ብሏል። የባህሉን ልብስ ዱንጉዛ የለበሰው፣ ጂንስ የለበሰው፣ ልጁን ትከሻው ላይ የሰቀለው፣ ከሻንቶና ከቤሌ በሚኒባስ ተጠቅጥቆ የመጣው ሁሉ እየዘለለ ነው። ዳሞታ ተራራ ላይ ትንሽ ደመና ቢኖርም ሶዶ ላይ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ከጠዋት ጀምሮ የተጠበሰ በቆሎ ስንበላ፣ ማንጎ ጁስ ስንጠጣ፣ ፎቶ ስንነሳ፣ የጠፋውን ጌታነህን ስንፈልግ ዋልን። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ደስ ካለኝ ቆይቷል።

ፍርሃቴ አንድ ብቻ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ደንብ ዘፈን ቦታ የታየ ሰው ሦስት ወር አይዘምርም። ደንቡን የሚያስከብሩት መሪያችን ጋሽ ቦልቴ ደግሞ ሰው አይተው አያልፉም። የገዛ እህታቸውን ልጅ እንኳን ሠርግ ላይ ወገቡ ተንቀሳቀሰ ብለው አግደውታል። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት የኋላ ረድፍ ላይ ቆሜ፣ የፊታችን እሑድ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ሶሎ ልዘምር ነው። እናቴ ከዲምቱ ድረስ ዘመድ ጠርታለች።

ስለዚህ ከራሴ ጋር ተስማምቻለሁ፤ መስማት እንጂ መጨፈር የለም። ሰብለና ጌታነህ አጠገቤ ሲዘሉ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ እንደ ምሰሶ ቆሜአለሁ።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ መድረክ ላይ ይወጣሉ። ከበሮው ዝም ይላል፤ ዋሽንት ብቻ ይቀራል። በወላይትኛ፣ ቀስ ብለው፣ እናታቸው ስለተከሉት እንሰት ይዘፍናሉ። ሰዉ መዝለሉን ይተዋል። መጨረሻው ላይ አንዷን ድምፅ ይይዟታል፣ አሁንም ይይዟታል፣ እኔም አብሬአቸው ትንፋሼን እይዛለሁ። ከዚያ ቀስ ብለው ይለቋታል።

«አሜን!»

የማን ድምፅ እንደሆነ ለማወቅ ዓይኔን መግለጥ አለብኝ፤ ለካ ተከድኗል። እጆቼ ከኪሴ ወጥተው ወደ ሰማይ ተዘርግተዋል። በሙሉ ሶፕራኖ የጮህኩት እኔው ነኝ።

ሰብለ አፏን በእጇ ትይዛለች። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ሲባል እሰማ ነበር» ይላል ጌታነህ፤ «በማንጎ ጁስ ሲወጣ ግን ዛሬ አየሁ።»

ልገባበት ጉድጓድ ስፈልግ ከመድረኩ አጠገብ አንድ ሰው «አሜን» ይላል። ከበቆሎ ጠባሾቹም በኩል ሌላ። ለካ ግማሹ ሜዳ የእኛው ሰው ነው። ከዚያ ልክ ከኋላዬ አንድ ወፍራም «አሜን» ይመጣል። ያንን ቤዝ ሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ።

እዞራለሁ። ጋሽ ቦልቴ የወጣት ጃኬት ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው ቆመዋል። የእሳቸውም እጆች ገና አልወረዱም።

እሑድ አለቀ፣ ለእናቴ ምን እላታለሁ ስል አስባለሁ። እሳቸው እጃቸውን ቀስ ብለው ያወርዱና ጃኬታቸውን ያስተካክላሉ።

«እየሩስ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ዘፋኟ መጨረሻዋን ድምፅ ስትይዝ ትከሻዋ ጭራሽ አልተነሳም። አይተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«እሑድ እንደሷ አድርገሽ ያዢው።»

«እሺ ጋሼ» እላለሁ። እንባዬ ይመጣል፤ ሳቄም አብሮ ይመጣል። ሰብለ ምንም ሳይገባት ታቅፈኛለች።

ከበሮው እንደገና ይጀምራል። ጋሽ ቦልቴ ግራ ቀኝ ያያሉ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ኪሳቸው ይከታሉ።