ለአንድ ቤት ሁለት ጀሪካን

ሙሉጌጥ የቦኖውን ቧንቧ ቆለፈችና ቁልፉን አንገቷ ላይ መልሳ አጠለቀችው። "ሁለቱ ጀሪካን ሞልቶልዎታል፣ አቶ ሳምሶን።"

ሳምሶን አስከትሎ ያመጣቸውን ባዶ በርሜሎች ዞር ብሎ አያቸው። ልጁ ሄራን ከሰዓት በኋላ ከቦኖው ጀርባ ባለው የቀበሌ አዳራሽ ትዳራለች። ከዚህ ቦኖ በቀር ከተማው ውሃ ካጣ ሳምንቱ ነው፤ የአዳራሹ ታንከር ደግሞ ሽንት ቤቱ ውስጥ በሚያፈስ ቧንቧ ተንጠፍጥፎ አልቋል። ወጥ ሠሪዎቹ ከውስጥ ይጣራሉ።

"የሰርግ ቤት እኮ ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ስንት እንግዳ ጠርቻለሁ።"

"ለአንድ ቤት ሁለት ጀሪካን ነው። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት።"

አምና የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ እሱ ነበር። ባሏ ፍቅሬ የሞተ ዕለት፣ ሬሳው ሳይታጠብ ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞልቶ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እዚህ ድረስ መጥታ ለመነችው። ሁለት ቀዳላትና "ውሃ መቆጠብ አለበት፤ ለአንቺ ብዬ ደንብ አልሽርም" ብሎ ፊቷ ላይ ቆለፈው። ያኔም የአዳራሹ ሽንት ቤት ቧንቧ ሲፈስ ከጀርባው ይሰማ ነበር። አሠሪው የለ፣ ተቆጪው የለ። ባሏን በዚያችው ውሃ አጠቡት፤ ለቀስተኛው እጁን ሳይታጠብ በላ።

ያን ቀን ሁለቱን ጀሪካን ተሸክማ ተመለሰች። ዘንድሮ የሰፈሩ ሴቶች ለኮሚቴው ሲመርጧት ግን፣ ቁልፉን እኔ ልያዝ ብላ የጠየቀች ራሷ ናት።

ወረፋ የያዙት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ጎረቤቷ ሰብለ ጠጋ ብላ "ሙሉዬ፣ ልጅቷ ምን አደረገች?" አለቻት በሹክሹክታ።

"ምንም። ፍቅሬስ ምን አድርጎ ነበር?"

ሳምሶን ሰማ። አንገቱን ደፍቶ "እህቴ፣ በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ" አለ።

ይህን ቃል በሐሳቧ ስንት ጊዜ አስብላዋለች።

"ይቅር ብያለሁ" አለችው። "ደንብ ግን ለእርስዎ ብዬ አልሽርም።"

አንድም ሰው አላገዘውም። የሰርጉን ሱፍ እንደለበሰ ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ጀሪካኖች አነሳ። ክዳናቸው የላላ ስለነበር በተራመደ ቁጥር ውሃው ሱሪው ላይ ይረጫል፤ እንዳይፈስበት እግሩን አንፈርክኮ ሄደ። አዳራሹ በር ላይ ሲደርስ ወጥ ሠሪዎቹ ባዶ ድስታቸውን ይዘው ከበቡት።

ሙሉጌጥ ደረቷ ውስጥ ሞቅ አላት። ማታ ለፍቅሬ እንዴት አድርጋ እንደምታወራለት ማሰብ ጀመረች፤ አንገቱን ሲደፋ፣ ሱሪው ሲረጥብ፣ አካሄዱን ሳይቀር። ፍቅሬ ሲስቅ ጉልበቱን ይመታል።

እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ማታ ቤት የሚጠብቃት የለም።

"ሙሉዬ" አለች ሰብለ ጀሪካኗን ቧንቧው ሥር እያስጠጋች፣ "ተራው የኔ ነው።"